የባሶ ጨው ሆቴል ጓሮ ቢደርስ፤ ጨው ገንዳ ለጎጃም ደጋ ያዋጣልን?

ይጁቤ ጨውን ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ አባይ በረሃ በሚያወርደው አቅጣጫ የምትገኘው ይህች የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ዛሬ የእህል አገር ናት። በ19ኛው መቶ ዘመን ግን “ባሶ” ሲባል ነጋዴ ሁሉ ጆሮውን ያቆም ነበር። ከአባይ ማዶ ከእናርያና ከሌሎችም አገሮች ቡናው፣ ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱና ዝባዱ፣ በባርነት የሚሸጠው ሰው ሳይቀር፣ አባይን ተሻግሮ የሚራገፈው እዚሁ ገበያ ላይ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ጎጃም በቆየበት ወቅት የባሶን ገበያ በጽሑፉ አስፍሮታል። ከሰሜን የሚመጣው ነጋዴ ለዚህ ሁሉ ሸቀጥ የሚከፍለው በአሞሌ ጨው ነበር። ከአፋር ምድር ተቆርጦ፣ በግመል በበቅሎና በአህያ ተጭኖ የሚመጣው አሞሌ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ስለሚወደድ፣ ባሶ የደረሰ ጨው ትግራይ ላይ ካለው ጨው ጋር አንድ አልነበረም። ማዶ ሲሻገር ደግሞ ሌላ ዋጋ አለው።

ጨው ገንዘብነቱን ካቆመ ብዙ ዘመን አለፈው። አሁን ወደ ደጋው ከተሞች እየተመለሰ ያለው በሌላ መልክ ነው። ሆቴል ለመሥራት ያቀደ ባለሀብት ፕላን ሲያሠራ “መዋኛ ገንዳ ይኑረው” ይላል። ገንዳ አቅራቢው ደግሞ ዋጋ ይዞ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አማራጭ ያስቀምጣል፤ በክሎሪን የሚሠራና በጨው የሚሠራ። ሁለተኛው ሲገዙት ይወደዳል። ደላላው ግን “ኬሚካል አይገዙበትም፣ ዓይን አያቃጥልም፣ ጨው ጨምሮ መቀመጥ ነው” እያለ ያግባባል። ከሦስቱ አባባሎች የመጀመሪያው ውሸት ነው። ሁለተኛው እንደ አያያዙ ነው። ሦስተኛው ግን ባለሀብቱን ገንዘብ የሚያስከፍል ስለሆነ ሒሳቡን ቀደም ብሎ መሥራት ይበጃል።

በረኪናውን ራሱ የሚያመርት ገንዳ

በጨው የሚሠራ ገንዳ ውስጥም ክሎሪን አለ። ልዩነቱ ክሎሪኑ ከሱቅ በበርሜል የማይመጣ መሆኑ ነው። በገንዳው ውሃ ውስጥ በየሊትሩ 3 ነጥብ 5 ግራም ያህል ተራ ጨው ይሟሟል። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ስለሚይዝ የገንዳው ጨው የባሕሩ አንድ አሥረኛ ነው፤ ዋናተኛው ከእንባ ያነሰ ጨዋማነት እንጂ የምጽዋን ውሃ አይቀምስም። ውሃው ከፓምፕና ከማጣሪያ በኋላ ሴል በሚባል ዕቃ ውስጥ ያልፋል። በሴሉ ውስጥ በውድ ማዕድን የተቀቡ የቲታኒየም ዝርግ ብረቶች ተደርድረዋል። ዝቅተኛ ቮልቴጅ ያለው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅባቸው በአንደኛው ወገን ከጨው ክሎሪን፣ በሌላኛው ወገን ከውሃ ሃይድሮጅን ይወጣል። ክሎሪኑ እዚያው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ የሚሆነው ነገር በየሱቁ በጠርሙስ ከሚሸጠው በረኪና ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ይህ ክሎሪን ጀርሙን ከገደለ ወይም ፀሐይ ከበተነው በኋላ ተመልሶ ጨው ይሆናል። ስለዚህ ጨው እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም። የሚጎድለው ውሃ ሲፈስ፣ ማጣሪያ ሲታጠብና ዋናተኛው በገላውና በልብሱ ይዞት ሲወጣ ነው። የደላላው “ጨው ጨምሮ መቀመጥ” የሚለው አነጋገር ከዚህ የመነጨ ነው፤ እውነትነቱም እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተስፋፍቶ አውስትራሊያ ውስጥ የተለመደው የገንዳ ዓይነት እስከመሆን ደርሷል። ልብ ሊባል የሚገባው ግን አውስትራሊያ ፀሐይዋ የሚፋጅ፣ ገንዳዋም በበጋ የሚሞቅ አገር መሆኗ ነው። ደብረ ማርቆስ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች።

ስንት ኩንታል?

ለአንድ መካከለኛ ሆቴል 12 ሜትር በ6 ሜትር የሆነ፣ በአማካይ 1 ሜትር ከ40 የሚጠልቅ ገንዳ ቢታሰብ 100 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይይዛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጨው 350 ኪሎ፣ ማለትም ሦስት ኩንታል ተኩል ነው። 25 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ትልቅ ገንዳ ከሆነና በአማካይ ሜትር ከግማሽ ከጠለቀ ጨው ብቻ 13 ኩንታል ይጠይቃል። ለጨው ነጋዴ ይህ ብዙ አይደለም፤ ሆቴሉንም የሚያከስረው የጨው ዋጋ አይሆንም።

የትኛው ጨው? የሚለው ግን ዋና ጥያቄ ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ድረስ አገሪቱ ጨው ስታስገባ የነበረው በዋነኛነት ከአሰብ ነበር። ከዚያ ወዲህ ገበያውን የያዘው ከአፋር አፍዴራ ሐይቅ ውሃ እየተሳበ በፀሐይ የሚደርቀው ጨው ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 204 ደግሞ ለምግብ የሚውለው ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ስላስገደደ በየሱቁ ያለው ጨው አዮዲን የተቀላቀለበት ነው። የሴል አምራቾች ለገንዳ የሚመክሩት አዮዲንም ሆነ እንዳይረጋ የሚደረግበት ቅመም የሌለበት፣ ንጽሕናው ከመቶ 99 እና ከዚያ በላይ የሆነ ጨው ነው። አዮዲኑ በመጠኑ አነስተኛ ስለሆነ ገንዳን አይገድልም። እንዳይረጋ የሚያደርገው ቅመም ግን የገንዳውን ወለል ሊያቀልመው ይችላል።

ሁለተኛው አማራጭ ለቆዳ ፋብሪካ የሚሄደው ጥሬ ጨው ነው። ዋጋው ይቀላል፤ ከአፈሩና ከጭቃው ጋር ነው የሚመጣው። ከመቶ ሦስት እጅ እንኳ ባዕድ ነገር ቢኖርበት በ350 ኪሎ ውስጥ ከ10 ኪሎ በላይ ጭቃ፣ ጂፕሰምና ማግኒዚየም ገንዳው ውስጥ ተደፋ ማለት ነው። ጭቃውን ማጣሪያው ይይዘዋል፤ ካልሲየሙ ግን ሴሉ ላይ እንደ ጀበና ዝቃጭ ይለጥፋል። ስለዚህ ጥሬ ጨው የሚገዛ ሰው በመጀመሪያ በበርሜል አሟሙቶ፣ አድሮ የረጋውን ከላይ ብቻ ቀድቶ ቢጨምር ይሻለዋል። ጨው አይቶ መግዛት የለመደ ነጋዴ ለዚህ ሌላ መምህር አያሻውም፤ አንድ እፍኝ ጨው በብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ታቹ የቀረውን ማየት ነው።

ፒኤች የሚባለው አስቸጋሪ

የጨው ገንዳ ባለቤት ከጨዉ በላይ የሚጨነቅበት ነገር የውሃው የአሲድነት መለኪያ ወይም ፒኤች ነው። መጠኑ ከ7 ነጥብ 2 እስከ 7 ነጥብ 6 መካከል ቢሆን ይመረጣል። ሴሉ ሲሠራ በአንደኛው ወገን ሃይድሮጅን እየወጣ ሃይድሮክሳይድ ስለሚተው፣ በአረፋውም የውሃው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚበተን፣ ፒኤቹ ቀን ከቀን ወደ ላይ ይሸሻል። ዝም ቢሉት ከ8 ያልፋል።

ይህ በወረቀት ላይ ትንሽ ቁጥር ይመስላል። ነገር ግን ፒኤች 7 ነጥብ 5 ላይ ሳለ በውሃው ካለው ክሎሪን ግማሹ ጀርም ገዳይ በሆነው ብርቱ መልኩ ይገኛል። 8 ሲደርስ ግን ያ ብርቱ ክፍል ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ክሎሪን በመመርመሪያ ጠብታ ሲታይ “አለ” ይላል፤ ጀርሙ ግን አይሞትም። ሆቴሉ እንግዶቹን የሚያሳምመው፣ ውሃው አረንጓዴ የሚሆነው፣ የልጆች ዓይንና ቆዳ የሚቆጣው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው። ጥፋተኛው ክሎሪን ነው ተብሎ ሴሉ ሌት ተቀን እንዲሠራ ሲደረግ ደግሞ ፒኤቹ ይብስ ይወጣል።

መድኃኒቱ አሲድ ነው። 100 ሜትር ኩብ የሚይዘውን ገንዳ ከ7 ነጥብ 8 ወደ 7 ነጥብ 5 ለማውረድ ከመቶ 31 እጅ የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አንድ ሊትር ገደማ ይበቃል። ይህንን በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ መጨመር የተለመደ ነው። “ኬሚካል የማይገዛበት ገንዳ” የሚባለው ስብከት የሚያበቃው እዚህ ጋ ነው። አዋሽ መልካሳ ላይ ሲመረት የኖረውን ሰልፈሪክ አሲድ አገር ውስጥ ስላለ በእሱ ልተካው የሚል ሊኖር ይችላል። ሆኖም ሰልፌት በገንዳው ውስጥ እየተጠራቀመ ሲሄድ የሲሚንቶውን ልስንና የሴሉን ቅብ ስለሚጎዳ ለጨው ገንዳ አይመከርም።

አሲድ ባለበት ቤት በረኪና አይቀመጥም፤ ይህ ለዘበኛም ለገንዳ ጠባቂም በቃልም በጽሑፍም መነገር አለበት። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል፤ በተዘጋ የፓምፕ ክፍል ውስጥ ከሆነ ይገድላል። አሲድ ሲቀጠንም ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይደፋም።

ፒኤች እንዳይዋዥቅ የሚይዘው አልካሊኒቲ የሚባለው ነው። ለተራ ገንዳ በሊትር ከ80 እስከ 120 ሚሊ ግራም ይባላል። ለጨው ገንዳ ግን ከ60 እስከ 80 ባለው ቢያዝ ፒኤቹ ቶሎ ቶሎ አይሸሽም። ሲያንስ ማንኛውም ሱቅ ያለው ቤኪንግ ሶዳ ይበቃዋል፤ ለ100 ሜትር ኩብ 1 ኪሎ ከ700 ግራም ቢጨመር 10 ሚሊ ግራም ከፍ ያደርጋል።

የተራበ ውሃ

ውሃ ይርበዋል። ካልሲየም ያነሰው፣ ቀዝቃዛና ፒኤቹ ዝቅ ያለ ውሃ የጎደለውን ካልሲየም ከሲሚንቶው ልስንና ከሴራሚኩ መገጣጠሚያ እየላሰ ይወስዳል። በሦስትና በአራት ዓመት ውስጥ ወለሉ ሻካራ ይሆናል፣ ሴራሚኩ ይነቀላል። ካልሲየም የበዛበት፣ ሞቅ ያለና ፒኤቹ ከፍ ያለ ውሃ ደግሞ ይጠግብና የተረፈውን በየቧንቧው፣ በተለይም በሴሉ ላይ ይተፋዋል። በጥጋብና በረሃብ መካከል ያለውን ልክ ላንጄሊየር በሚባል ስሌት ማወቅ ይቻላል። ስሌቱ ፒኤችን፣ ሙቀትን፣ ካልሲየምን፣ አልካሊኒቲንና የሟሟ ጨውን ያጠቃልላል። ካልሲየም በሊትር ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም ቢሆን ጥሩ ነው ይባላል።

ገንዳ ሊያስቆፍር የተነሳ ሰው ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚያስመረምረው የሚሞላበትን ውሃ ነው። የጉድጓድ ውሃና የቧንቧ ውሃ በአንድ ከተማ ውስጥ እንኳ ይለያያሉ። የምርመራው ወጪ ከሴራሚኩ የመቶኛ መቶኛ አይሆንም። ሆኖም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚገዛው ሴራሚኩ ነው።

የገንዳው ዙሪያ በምን ይነጠፍ የሚለውም እዚሁ ይገባል። ጨዋማ ውሃ በእግር ተረግጦ ሲወጣና ሲደርቅ ጨዉ ድንጋዩ ውስጥ እየጎረበጠ ይሰነጥቀዋል። ለስላሳ የኖራ ድንጋይ ይህን አይችልም። ጥቁር ድንጋይ ይችላል፤ ጎጃም ደግሞ ጥቁር ድንጋይ አላጣም። መሰላሉና የእጅ መያዣው ርካሽ ብረት ከሆነ በዓመቱ ዝገት ያነባል። የምድር ሽቦ ሳይዘረጋለት ሴል የተገጠመለት ገንዳ ደግሞ ዝገቱን ያፋጥናል፣ ለሰውም አደገኛ ነው።

ብርዱና ክረምቱ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አብዛኛዎቹ ሴሎች የውሃው ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲወርድ ሥራቸውን ይቀንሳሉ ወይም ራሳቸውን ያጠፋሉ። በቀዝቃዛ ውሃ ኤሌክትሪክ በጨው ውስጥ እንደልቡ አይሄድም፤ በግድ ቢሠራም የብረቱ ቅብ ዕድሜው ያጥራል። የደብረ ማርቆስ የዓመት አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው። ያልሞቀና ያልተሸፈነ ገንዳ ሌሊቱን በብርድ፣ ክረምቱን በዝናብ ተመትቶ የዓመቱን ሰፊ ክፍል በዚያው ድንበር ላይ ይውላል ማለት ነው። የማይሠራ ሴል የገዛ ባለሆቴል ያንጊዜ ወደ ሱቅ ሄዶ በርሜል ክሎሪን ይገዛል፤ ሁለቱንም ከፈለ ማለት ነው።

አዲስ አበባም እኮ ደጋ ናት፤ እዚያ ገንዳ እንዴት ሠራ? የሚል አይጠፋም። መልሱ ከመሬት በታች ነው። እቴጌ ጣይቱን በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወደ ታች የሳባቸው የፍል ውሃ ምንጭ ኋላ የከተማይቱን ገንዳዎች አሙቋል። የግዮን ሆቴል ገንዳ የኖረው በፍል ውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ሒልተን፣ የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ እንዲመስል በመስቀል ቅርጽ የተሠራው ገንዳው ታዋቂ የሆነው በዚሁ የተፈጥሮ ሙቀት ነው። ሶደሬም እንዲሁ። እነዚህ ባለሀብቶች የማሞቂያ ወጪ ከመሬት ተችረዋል። ውሃውም ሶዲየም ባይካርቦኔት የበዛበት ነው፤ አልካሊኒቲው ገና ከምንጩ ከፍ ያለ ስለሆነ እዚያ የጨው ሴል ቢገጠም አሲዱ በሊትር ሳይሆን በጀሪካን ይሆን ነበር።

ደብረ ማርቆስ ላይ ሙቀቱን ገዝቶ ማምጣት ግድ ነው። 100 ሜትር ኩብ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 116 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠይቃል። ከ16 ወደ 26 ለማድረስ 1,160 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ነው፤ ይህም ሌሊት የሚበርደው ሳይታሰብ። ሌሊት ሁለት ዲግሪ ቢያጣ በየቀኑ 230 ኪሎ ዋት ሰዓት ይመልስ ዘንድ ነው። ሴሉ ራሱ ግን የሚበላው እምብዛም ነው፤ በቀን 240 ግራም ክሎሪን ለማምረት አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ተኩል ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ “የጨው ገንዳ መብራት ይበላል” የሚባለው ስሙ ያለቦታው ነው። የሚበላው ማሞቂያው ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ፓምፑ።

ዝናቡ ሌላ ጣጣ አለው። ደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንብባታል። 72 ሜትር ካሬ የሆነው ገንዳ ክዳን ከሌለው በዓመት 94 ሜትር ኩብ የዝናብ ውሃ ይቀበላል፤ ገንዳው ከነሙሉ ውሃው 100 ሜትር ኩብ አይደለምን? ከዝናቡ ሁለት ሦስተኛው በክረምት ወርዶ ገንዳው እየሞላ ቢፈስ ከ350 ኪሎው ጨው 160 ኪሎ ያህሉ አብሮ ይሄዳል። የቀረው በሊትር ከ2 ግራም በታች ስለሚሆን ሴሉ “ጨው አነሰኝ” ብሎ ይቆማል። አልካሊኒቲውና ካልሲየሙም በዚያው ልክ ይታጠባሉ፤ የቀረው ውሃ የተራበ ውሃ ይሆናል። ባለቤቱ በመስከረም፣ አደይ አበባ ሲፈነዳ፣ ኩንታል ተኩል ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና ካልሲየም ክሎራይድ ይዞ እንደ አዲስ ይጀምራል።

የፈሰሰው ጨው የት ገባ? ብሎ የሚጠይቅ ጎረቤት መምጣቱ አይቀርም። በሊትር ከ2 ግራም በላይ የሟሟ ጨው ያለበት ውሃ ለመስኖ ክፉኛ የማይመች መሆኑ በግብርና ባለሙያዎች የታወቀ ነው። የማጣሪያ እጣቢ ወደ ጎረቤት ጤፍ ማሳ ወይም ወደ ጨሞጋ ወንዝ በሚወርድ ቦይ ከተለቀቀ ነገሩ ከኬሚስትሪ ወደ ክርክር ይሻገራል። መፍሰሻውን በፕላኑ ላይ አስቀድሞ ማሳየት ከካሣ ይሻላል።

ክዳን ያለው ገንዳ ግን ከሁለቱም መከራ በአንድ ጊዜ ይድናል። ዝናቡንም ሌሊት የሚተነውንም ሙቀት ይከለክላል። ክዳንና በጣሪያ ላይ የሚዘረጋ የፀሐይ ማሞቂያ አንድ ላይ ቢሆኑ የደጋ ጨው ገንዳ ወሬ ከመሆን ይወጣል። በደጋው ፀሐይ ብርቱ ስለሆነች ያልተከለለ ክሎሪን ቶሎ ይበተናል፤ ለዚህም ስታቢላይዘር የሚባለው ሳያኑሪክ አሲድ ለ100 ሜትር ኩብ 5 ኪሎ ያህል ይጨመራል። ከዚህ በላይ ማብዛት ክሎሪኑን ያስራል እንጂ አይጠቅምም።

ሦስት በርሜል ወይስ አንድ ሴል?

የጨው ገንዳ ተፎካካሪ በየከተማው ውሃ አገልግሎት ዘንድ የሚታወቀው ነጩ ዱቄት ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ነው። ከመቶ 65 እጅ ክሎሪን የሚሰጥ ከሆነ ያችኑ በቀን 240 ግራም ለማግኘት 370 ግራም ይፈጃል። በዓመት 135 ኪሎ ያህል ነው፤ በ45 ኪሎ በርሜል ሲታሰብ ሦስት በርሜል። የሴል ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ከ8 ሺህ እስከ 10 ሺህ ሰዓት ስለሚባል በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ ከሁለት ዓመት እስከ ሦስት ዓመት ቢያገለግል ነው። የንግድ ጥያቄው እንግዲህ ሰባት ወይም ስምንት በርሜል ዱቄት ከአንድ መለወጫ ሴል ጋር በሚዛን ሲቀመጡ ማን ይከብዳል ነው። ገንዳው ቀዝቃዛና ዋናተኛው ጥቂት ከሆነ የዱቄቱ ፍጆታ ከዚህም ያንሳል።

ሁለቱም የሚገቡት በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ሥርዓቱ ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን ተሻገረ። ከዚያ በፊት በብር የተሠራ የገንዳ በጀት ሁሉ ተበላሸ። ዱቄቱ ግን በትንሽ በትንሹ ይገዛል፤ ብዙ አስመጪም አለው። ሴሉ አንድ ላይ የሚገዛ፣ ከአንድ አምራች ብቻ የሚመጣ ዕቃ ነው። በ2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገድ ሲዘጋና መብራት ሲያጠፋ የታየው ደግሞ መለዋወጫ የሚጠብቅ ዕቃ ከአዲስ አበባ በራቀ ቁጥር ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ነው። መብራት ከጠፋ ሴሉ ክሎሪን አያመርትም፤ ዱቄት ያለው ጎረቤት ግን በባልዲ በጥብጦ ይረጫል። የቮልቴጅ መዋዠቅም የሴሉን መቆጣጠሪያ ሳጥን የሚያቃጥል ስለሆነ ያለ ቮልቴጅ ማስተካከያ መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ዱቄቱ አንድ ሌላ ጥቅም አለው፤ ከክሎሪኑ ጋር ካልሲየም ይሰጣል። ውሃው የተራበ በሆነበት ደጋ ይህ ምርቃት ነው። ሞቃትና ካልሲየም የበዛበት ውሃ ባለበት ቆላ ደግሞ ያው ምርቃት እርግማን ይሆናል፤ እዚያ ጨው ይሻላል። ከይጁቤ ወደ አባይ ሸለቆ ቁልቁል ሲወረድ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። በ1,800 ሜትር ላይ ያለችው ባሕር ዳር መካከል ላይ ናት፤ ክዳን ካለ ጨው ያዋጣታል።

እንግዲህ ደብረ ማርቆስም ሆነ ይጁቤ ላይ ያልሞቀና ያልተሸፈነ የጨው ገንዳ የሚያሠራ ሰው ሦስት ኩንታል ተኩል ጨው መሬት ላይ እንደበተነ ይቆጠራል። ማሞቂያና ክዳን ለመግዛት የቆረጠ ግን ከአቅራቢው ጋር ሲዋዋል ሴሉ የሚቆምበትን የሙቀት ልክ፣ የዋስትናውን የሰዓት ቁጥር፣ መለወጫው በምን ያህል ጊዜ እንደሚደርስ በጽሑፍ ይያዝ። “ችግር የለም” የሚለው ቃል በውል ላይ ቦታ የለውም።

ሌላ ሸቀጥ

ሴል ለገንዳ ብቻ የተፈጠረ አይደለም። ያው ጨውን ወደ በረኪና የመለወጥ ጥበብ በትናንሽ መሣሪያዎች ተሠርቶ በብዙ የአፍሪካ አገሮች ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ይሠራበታል። በአንድ ሊትር ውሃ 25 ግራም ጨው ተሟሙቶ ለጥቂት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሲለቀቅበት በሊትር 6 ግራም ክሎሪን ያለው ፈሳሽ ይወጣል። ዕቃው አንድ ባልዲ ስለሆነ ደጋ ላይም ቤት ውስጥ ሞቅ አድርጎ ማሠራት አያዳግትም፤ ዝናብ አይገባበትም፣ በፀሐይ ኃይል ማመንጫም ይሠራል። ፈሳሹ ሲቀመጥ ኃይሉ ስለሚደክም ከሩቅ ተጭኖ ከሚመጣ ይልቅ እዚያው ተመርቶ እዚያው መሸጡ ይመረጣል። ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ ብሎ ለመሸጥ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማስፈለጉ ግን የማይቀር ነው፤ ክሊኒክ፣ ምግብ ቤትና ወተት ሰብሳቢ ግን ለዕቃ ማጠቢያ ይፈልገዋል።

ሒሳቡ እነሆ። አንድ ኩንታል ጨው በዚህ መንገድ 4 ሺህ ሊትር ፈሳሽ ይሰጣል፤ በውስጡም 24 ኪሎ ክሎሪን አለ። ለመጠጥ ውሃ በሊትር 2 ሚሊ ግራም ቢታሰብ 12 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ያክማል። በ20 ሊትር ጀሪካን ሲቆጠር 600 ሺህ ጀሪካን ነው።